ስም ለብቻ፣ ማርክ ለብቻ

ሰሞኑን ማታ ማታ ላፕቶፕ ላይ አፍጥጬ ምን እየሠራሁ እንደማመሽ ለጠየቃችሁኝ ወዳጆቼ፦ ፊልም አይደለም፣ ቤቲንግም አይደለም። ሃስኬል እየተለማመድኩ ነው። «ሃስኬል ደግሞ ምንድነው?» ለምትሉ፣ የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ነው። «ምን ይጠቅምሃል?» ለምትሉ ደግሞ ጽሑፉ ረዘም ይላል፣ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ። ኮምፒውተር ያልተማራችሁም አትሽሹ። ነገሩ ዞሮ ዞሮ ሮስተር ላይ ነው የሚያርፈው፤ ሮስተር ደግሞ መምህር የሆነ፣ ተማሪ የነበረ ወይም ልጅ የሚያስተምር ሰው ሁሉ ጉዳይ ነው።

አመጣጡ እንዲህ ነው። ከዓመታት በፊት 9ኛ ክፍል አይሲቲ ያስተማርኩት ልጅ አሁን ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሶፍትዌር ይማራል። አንድ ቀን በቴሌግራም «ቲቸር፣ ፈንክሽናል ፕሮግራሚንግ የሚባል ነገር መጥቶብናል። ሊስትና ታፕል ላይ ወርክሺት ተሰጥቶን አንዱም አልገባኝም» አለኝ። እኔ በዲፕሎማ የተማርኩት ቪዥዋል ቤዚክና ትንሽ ሲ ፕላስ ፕላስ ነው። ግን የድሮ ተማሪህ «ቲቸር» ብሎ ሲመጣ በሩን ትዘጋበታለህ? «ወርክሺቱን ላከው፣ አብረን እናየዋለን» አልኩት። እሱ ኮርሱን ጨርሶ ወደ ሌላ አለፈ። እኔ እዚያው ወርክሺት ላይ ቀረሁ።

ስለ ቋንቋው ትንሽ ልበል። በ1987 (በፈረንጆቹ ማለቴ ነው) አሜሪካ ኦሪገን ግዛት ፖርትላንድ ከተማ ላይ የተሰበሰቡ ተመራማሪዎች፣ በየዩኒቨርሲቲው የበዙትን ተመሳሳይ ቋንቋዎች አይተው «አንድ የጋራ እንሥራ» ብለው ኮሚቴ አቋቋሙ። የመጀመሪያው ድንጋጌ በ1990 ወጣ። ስሙን ያገኘው ሃስኬል ከሪ ከሚባል አሜሪካዊ የሎጂክ ሊቅ ነው። ኮሚቴ የሠራው ነገር እንዲህ ሲያምር ማየት ለእኛ አገር ሰው ትንሽ ይገርማል።

ልዩነቱ ምንድነው? በለመድነው ቋንቋ ኮምፒውተሩን «መጀመሪያ ይሄን አድርግ፣ ቀጥለህ ያንን» እያልክ ታዝዘዋለህ። ሃስኬል ላይ ግን ነገሩ ምን እንደሆነ ትናገራለህ እንጂ እርምጃ በእርምጃ አታዝም። የሒሳብ መምህራን ጓደኞቼ ደስ ይላችኋል፦ እዚህ ፈንክሽን ማለት እናንተ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የምትጽፉት ፈንክሽን ነው። አንድ ዓይነት ነገር ካስገባህ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነገር ይወጣል። «ኤክስ እኩል ይሆናል ኤክስ ሲደመር 1» ብትለው በሌላው ቋንቋ ኤክስን በአንድ ጨምርልኝ ማለት ነው፤ እዚህ ግን ከራሱ በአንድ የሚበልጥ ቁጥር አለ ማለት ይሆናል፤ መልሱንም አያገኘውም። ደግሞ ኡቡንቱ ላይ አንዴ ካወረድከው በኋላ ለመለማመድ ኢንተርኔት አይጠይቅም። ይሄ ለእኔ ቢጤ ትልቅ ነገር ነው።

(የፈንክሽኖቹን ስም እንደምንጠራቸው በፊደላችን ነው የምጽፈው። ላፕቶፑ ላይ ስትሞክሩት በላቲን ጻፉት።)

በሊስት እንጀምር። ሊስት ማለት ሰልፍ ነው። ርዝመቱ አይወሰንም፣ ባዶም ሊሆን ይችላል፤ ግን የተሰለፉት ሁሉ አንድ ዓይነት መሆን አለባቸው። የቁጥር ሰልፍ ውስጥ ቃል አይገባም። «ሄድ» የመጀመሪያውን ያወጣል፣ «ላስት» የመጨረሻውን። «ቴይል» ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። ጅራት ማለት ስለሆነ የመጨረሻዋን ብቻ የሚሰጥ ይመስላል። አይደለም፤ ጭንቅላቱ ተቆርጦ የቀረው አካል በሙሉ ነው ቴይል። «ኢኒት» ተቃራኒው ነው፣ ከመጨረሻው በስተቀር ሁሉንም ይሰጣል። «ቴክ 3» ፊት ያሉትን ሦስት ይወስዳል፣ «ድሮፕ 3» ሦስቱን ጥሎ ቀሪውን ይሰጣል። «ሪቨርስ» ይገለብጣል፣ «ሌንግዝ» ይቆጥራል።

እዚህ ላይ አንድ የምወዳት ጨዋታ አለች። በሃስኬል ቃል ማለት የፊደላት ሊስት ነው። ስለዚህ ለቁጥር የሚሠራው ፈንክሽን ለቃልም ይሠራል። «ሌንግዝ "ሰላም"» ብዬ ጠየቅኩት፣ 3 አለኝ። በላቲን ፊደል ብጽፈው 5 ይል ነበር፤ የእኛን ፊደል ግን አንዷን በአንድ ቆጠራት። ከዚያ «ሪቨርስ "ሰላም"» አልኩት። «ምላሰ» ሆኖ ወጣ! ሳድሷ ብቻ ጎድላ ነው እንጂ ምላስ ልትሆን ነበር። ብቻዬን ሳቅኩ። በነገራችን ላይ፣ መልሱን በቀጥታ ብታሳዩት ፊደሉን ሳይሆን ኮዱን ነው የሚዘረግፈው፦ ሰላም የምትለው ቃል 4656፣ 4619፣ 4637 ሆና ትወጣለች። ተበላሸ ብላችሁ እንዳትተዉት። «ፑት ስትሪንግ ላይን» በሚለው ስታወጡት ፊደሉ እንደ ልቡ ይታያል።

ሌላም አለ፤ ለተለዋዋጭ ስም «ስሞች» ወይም «ማርኮች» ብላችሁ በአማርኛ ብትሰይሙ ይቀበላል። ለታይፕ ስም ግን አይቀበልም፣ ምክንያቱም የታይፕ ስም በትልቁ ፊደል መጀመር አለበት፤ የእኛ ፊደል ደግሞ ትልቅና ትንሽ ብሎ ነገር አያውቅም። ሃስኬል ሁሉንም እንደ ትንሽ ቆጥሯቸዋል። ቅር አላለኝም።

ወደ ታፕል። ታፕል ሰልፍ አይደለም፣ አንድ የተሞላ መስመር ነው። ስንት ነገር እንደሚይዝ አስቀድሞ ይወሰናል፣ የሚይዛቸው ግን የተለያየ ዓይነት ሊሆኑ ይችላሉ። ("አበበ", 78) ብትል ስምና ማርክ አንድ ላይ የታሰሩበት ጥንድ ነው። «ፈስት» ግራውን፣ «ሰከንድ» ቀኙን ያወጣል (ሲጻፉ አናባቢያቸው ተውጦ ሦስት ሦስት ፊደል ብቻ ናቸው)። የ62 ሰው ሊስትና የ3 ሰው ሊስት ለሃስኬል አንድ ዓይነት ናቸው፤ ጥንድና ሦስትዮሽ ግን ፍጹም የተለያዩ ናቸው። «ፈስት»ን ለሦስትዮሽ ልስጠው ብትል ፕሮግራሙ ገና ሳይነሳ ይከለክልሃል። መጀመሪያ ላይ ይሄ ክልከላ ያናድዳል። አማካይ ላወጣ ብዬ ድምሩን («ሰም» ይባላል፣ ወርቅ የለውም) ለ«ሌንግዝ» ላካፍል ስል ስንት ደቂቃ እንደተከራከርን! ድምሩም ብዛቱም ሙሉ ቁጥር ነው፣ ያ የማካፈያ ምልክት ደግሞ ሙሉ ቁጥር አይቀበልም፤ «ፍሮም ኢንተግራል» በሚባል ነገር መለወጥ አለብህ። የኬላ ፈታሽ ነው የሚመስለው። በኋላ ግን ትለምደዋለህ፣ እንዲያውም ትወደዋለህ።

ሁለቱን የሚያገናኛቸው ፈንክሽን «ዚፕ» ነው። የጃኬት ዚፕ አስቡ። የግራው ጥርስ ከቀኙ ጥርስ ጋር አንድ በአንድ እየተያያዘ ይሄዳል። የስም ሊስትና የማርክ ሊስት ስትሰጠው የጥንዶች ሊስት ይሰጥሃል። «አንዚፕ» ደግሞ መልሶ ይለያያቸዋል። ተራ ቁጥር መስጠት ብትፈልግ «ዚፕ [1..] ስሞች» በቃ። ያ [1..] ማለት ከ1 ጀምሮ ማለቂያ የሌለው ሊስት ነው። ማለቂያ የሌለው ነገር ኮምፒውተር ውስጥ እንዴት ይገባል? ሃስኬል ሰነፍ ነው፤ ካልጠየቅከው አያሰላም። ዚፕ ደግሞ አጭሩ ሲያልቅ ያቆማል። ስሙ 62 ላይ ሲያልቅ ቁጥሩም 62 ላይ ይቆማል።

ደረጃ ማውጣት ላይ ስደርስ ግን እውነት ለመናገር ከወንበሬ ተነስቻለሁ። መምህራን ሥቃዩን ታውቁታላችሁ። ተማሪውን በድምር መደርደር፣ እኩል ያመጡትን እኩል ማስቀመጥ፣ ቀጣዩን ደረጃ መዝለል። መጀመሪያ የሚታሰበው ደርድሮ ከ[1..] ጋር ዚፕ ማድረግ ነው፤ ግን ሁለት ልጆች እኩል 91 ቢያመጡ አንዱን 1ኛ፣ ሌላውን 2ኛ ይላቸዋል። ይሄ ወላጅ ያስመጣል። ታዲያ ደረጃ ማለት በራሱ ምንድነው? ከአንተ በላይ ያመጡ ልጆች ብዛት ሲደመር 1። ሃስኬል ላይም እንዲሁ ነው የሚጻፈው፦

ደረጃ ማ = 1 + ሌንግዝ (ፊልተር (> ማ) ማርኮች)

አለቀ። መደርደር እንኳ አላስፈለገም። 78፣ 91፣ 91፣ 64 ብላችሁ ሞክሩት፤ 3ኛ፣ 1ኛ፣ 1ኛ፣ 4ኛ ይላል።

እስካሁን ጨዋታ ነበር። አሁን ዚፕ ላይ ሳምንት ሙሉ ያስቆመኝን ነገር ልንገራችሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ አሁን በሌለሁበት ትምህርት ቤት የአንድ ክፍል ኃላፊ ነበርኩ። 62 ተማሪ። የሴሚስተር ማርክ ሮስተር ላይ የሚገለበጠው በየትምህርቱ ሁለት መምህራን ተቀምጠው ነው፤ አንዱ ያነባል፣ አንዱ ይሞላል። «78፣ 64፣ 91...» ስም አይጠራም፣ ጊዜ ይፈጃል ተብሎ። ካርድ ተሰጠ፣ ተማሪው ለእረፍት ተበተነ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ትምህርት ሲከፈት፣ ተራ ቁጥሯ 31 የሆነች ልጅ ስታፍ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። እጇ ላይ የታጠፈ የሒሳብ ፈተና ወረቀትና ካርድ አለ። «ቲቸር፣ ይሄን ያዩልኛል?» አለች። ካርዱ ላይ ሒሳብ 47 ይላል። ወረቀቶቿን ስደምራቸው 81። ሁለቱን ሳምንት ካርዱን ቤት አላሳየችም፤ ገና አልተሰጠንም ብላ ነበር።

ሮስተሩን አወጣሁ። 81 የት ሄደ? 30ኛው ልጅ ላይ። የ30ኛው ልጅ የራሱ 52 የት ሄደ? 29ኛው ላይ። እያልኩ ወደ ላይ ስወጣ 14ኛ ቁጥር ላይ ደረስኩ። 14ኛው ልጅ ጥቅምት ላይ ለቆ የሄደ ነው፤ ስሙ ሮስተሩ ላይ አልተሰረዘም። የሚነበብ ወረቀት የለውም፤ ስለዚህ የ15ኛው ማርክ እሱ ላይ ተጻፈ፣ የ16ኛው 15ኛው ላይ፣ እንዲህ እያለ እስከ ታች። የለቀቀው ልጅ እንኳ ሒሳብ አልፏል! «መጨረሻ ላይ አንድ ስም ባዶ ይቀራላ፣ እንዴት አላዩትም?» ትሉ ይሆናል። አልቀረም። በዚያው ሴሚስተር ከሌላ ትምህርት ቤት ተዛውራ የመጣች ልጅ ነበረች። ማርኳ የመምህሩ ወረቀት ላይ መጨረሻ ላይ አለ፣ ስሟ ግን ሮስተሩ ላይ ገና አልገባም። 62 ስም፣ 62 ማርክ። ልክክ አለ።

48 ልጅ የሌላ ሰው ማርክ ተሸክሞ ሁለት ሳምንት እቤቱ ከረመ። መጥታ የጠየቀችው አንዷ ናት፣ እሷም ወረቀቷን ስላስቀመጠች ነው። ከራሱ በላይ የተሰጠው ለምን ይመጣል? የ30ኛው ልጅ አባት ለ81ዱ ጫማ ገዝቶለት ነበር። ያንን ካርድ መልሼ የተቀበልኩት እኔ ነኝ፤ ልጁ ጫማውን ወንበር ሥር ሲደብቅ አየሁት።

እና ሰሞኑን ያንን ሮስተር በትንሹ ሃስኬል ላይ ደገምኩት። ስሞች፦ አበበ፣ ጫልቱ፣ ሙሉ፣ ሐጎስ። ጫልቱ ለቃለች እንበል። ማርኮች ከወረቀት ሲነበቡ 78 የአበበ፣ 64 የሙሉ፣ 91 የሐጎስ፣ 55 ደግሞ ስሟ ያልገባ አዲስ ልጅ። «ዚፕ ስሞች ማርኮች» ስለው፦

[("አበበ",78),("ጫልቱ",64),("ሙሉ",91),("ሐጎስ",55)]

ምንም ስህተት የለም አለኝ። ያ ሙሉ ቁጥር አላካፍልም ብሎ ያደረቀኝ ፈታሽ፣ እዚህ ዝም አለ። ለምን ዝም አይል? ግራው የስም ሊስት ነው፣ ቀኙ የቁጥር ሊስት ነው፣ ዓይነታቸው ትክክል ነው። ማርኩ የማን እንደሆነ ግን ቁጥሩ ላይ አልተጻፈም። አዲሷን ልጅ ባልጨምራት ኖሮ ደግሞ ይብሳል፦ 4 ስምና 3 ማርክ ሲሆን ዚፕ ሐጎስን ጭራሽ ይጥለዋል። የጃኬት ዚፕ አንድ ጥርስ ቢዘል አንገትህ ላይ አንዱ ወገን ረዝሞ ይታያል፤ እናትህ ከሩቅ አይታ «ና ላስተካክልልህ» ትልሃለች። ይሄኛው ዚፕ የተረፈውን ቆርጦ ይጥልና የለበስከው ልክ ነው ይልሃል። ተራ ቁጥር ስሰጥ ያደነቅኩት ባሕርይ እኮ ነው፣ ያው አጭሩ ሲያልቅ ማቆሙ።

«ቀላል ነው፣ መጀመሪያ ብዛታቸው እኩል መሆኑን አረጋግጥ» ያለኝ ጓደኛ አለ። ሐጎስ የተጣለበትን ይይዛል፣ እውነት ነው። የዚያችን ልጅ ግን አይይዝም። 62 እና 62 ነበራ!

ነገሩ ወዲህ ነው። የፈተናው ወረቀት ራሱ ታፕል ነው። ተማሪው ስሙን ይጽፋል፣ መምህሩ ማርኩን እዚያው ላይ ይጽፋል። ሁለቱ የተወለዱት አንድ ላይ ነው። እኛ ነን ስምን ወደ አንድ ሊስት፣ ማርክን ወደ ሌላ ሊስት የምንለያያቸው፤ ከዚያ በቅደም ተከተል ብቻ አምነን መልሰን ልንሰፋቸው የምንሞክረው። ጥንዱን ከመጀመሪያው ካልበተንከው ዚፕ አያስፈልግህም።

ታዲያ ጥንዶቹ በምን ይፈለጋሉ? «ሉክአፕ» በሚባል ፈንክሽን። መለያና የጥንዶች ሊስት ትሰጠዋለህ፣ መለያው ግራው ላይ ያለውን ጥንድ ፈልጎ ቀኙን ይሰጥሃል። ቅደም ተከተል አያሳስበውም። ወረቀቱ ተደባልቆ ቢመጣ፣ ልጅ ቢለቅ፣ ልጅ ቢገባ ግድ የለውም። አንድ ጥንቃቄ ብቻ፦ መለያው ስም አይሁን። ሉክአፕ መጀመሪያ ያገኘውን ይዞ ነው የሚመለሰው፤ በእኛ አገር ደግሞ በስምም በአባት ስምም አንድ የሆኑ ሁለት ልጆች አንድ ክፍል ውስጥ ማግኘት ብርቅ አይደለም። ለእያንዳንዱ ልጅ ዓመቱን ሙሉ የማይለወጥ ቁጥር ስጡት፤ ልጁ ቢለቅ እንኳ ቁጥሩ ለሌላ አይሰጥ።

ከሁሉ በላይ ግን የወደድኩት ሉክአፕ ሳያገኝ ሲቀር የሚለው ነው። ዜሮ አይልም። ፕሮግራሙንም አያቆምም (ባዶ ሊስት ላይ «ሄድ» ብትለው ግን ያቆማል፣ ተጠንቀቁ)። ሲያገኝ «ጀስት 78» ይላል፣ ሲያጣ «ናዚንግ» ይላል። «ጀስት 0» እና «ናዚንግ» ሁለት የተለያዩ መልሶች ናቸው። አንደኛው ተፈትኖ ዜሮ ያመጣ ነው፣ ሌላው ማርኩ ያልተገኘ ነው። ደግሞ «ናዚንግ»ን እንደ ቁጥር ልደምረው ብትል ያ ፈታሽ እንደገና ይነቃል፦ ማርክ ለሌለው ልጅ ምን እንደምታደርግ ሳትነግረኝ አላሳልፍህም ይላል። ሮስተር ላይ ባዶ ሳጥን አይቶ በእስክሪብቶ ዜሮ የሚሞላ ስንት ሰው አለ!

በዚህ ሴሚስተር የእኔ ክፍል ላይ ሞከርኩት። መምህራኑን ማርክ በቃል እንዳያስነብቡ፣ ይልቅ ቁጥርና ማርክ ጎን ለጎን የተጻፈበት ወረቀት እንዲሰጡኝ ለመንኳቸው። አንድ አንጋፋ መምህር «አንተ ልጅ፣ እኛ ሃያ ዓመት ስናስነብብ ምን ሆነ?» አሉኝ። «ምንም አልሆነ ጋሼ፣ ለኮምፒውተሩ እንዲመቸኝ ነው» አልኳቸው። ሰጡኝ። እንዲያውም በሚያምር ጽሕፈት ነው የሰጡኝ።

አስገብቼ ሉክአፕን ለሁሉም ቁጥር ሳስኬደው በእሳቸው ትምህርት ሦስት ናዚንግ ወጣ። ሁለቱ የለቀቁ ልጆች ናቸው፣ ሬጅስትራር ጋ ሄጄ አረጋገጥኩ። ሦስተኛዋ አለች፣ በየቀኑ ክፍል ትገባለች። የፋይናሉ ሳምንት ታይፎይድ ይዟት ተኝታ ነበር፣ የሕክምና ወረቀትም አምጥታለች፤ ወረቀቱ ግን ከእኛ ፋይል አላለፈም። ለመምህሩ ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ስሟን ሁለቴ አነበቡና «ይቺማ ጎበዝ ልጅ ናት» አሉ። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ላይብረሪ ውስጥ ለብቻዋ ተፈተነች።